በመሐረብ የተቋጠረው መስሚያ፦ በትራንዚት ላይ የጠፋ አንድ ዕቃ የጉዳይ ጥናት

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አጋማሽ የ71 ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ተነሥታ በአንድ የአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ ዋሽንግተን ዱለስ ስትመጣ፣ በሁለቱ ጆሮዎቿ የምታደርጋቸውን የመስሚያ መሣሪያዎች በፍተሻ ቦታ ረስታ አለፈች። መሣሪያዎቹ ከጠፉ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተገኝተው በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ተመዝግበው ነበር። እኛ ይህን ያወቅነው ግን በ13ኛው ቀን ነው። ይህ ጽሑፍ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምን እንደተደረገና ምን ሳይደረግ እንደቀረ፣ የተገኘ ዕቃም ባለቤቱ አጥብቆ እየፈለገው ስለምን መደርደሪያ ላይ ሊቆይ እንደቻለ በቅደም ተከተል ይመረምራል። የአየር መንገዱንም ሆነ የአውሮፕላን ማረፊያውን ስም አልጠቅስም፤ ከስሕተቱ ትልቁ ድርሻ የእኔ ስለሆነና የትም ቢሆን ሊደርስ የሚችል ነገር ስለሆነ ነው።

መሣሪያዎቹ ከጆሮ ጀርባ የሚደረጉ፣ ቀለማቸው ግራጫ፣ መጠናቸው ከባቄላ ፍሬ ጥቂት የሚበልጥ ናቸው። በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ለእናቴ ጆሮ ልክ የተሠራ መሰኪያ አላቸው። እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች ላይ የቀኙ በቀይ፣ የግራው በሰማያዊ ምልክት ይለያል፤ ሴሪያል ቁጥራቸውም በባዶ ዓይን ለማንበብ በሚያስቸግር ደቃቅ ጽሕፈት አካላቸው ላይ ሰፍሯል። የሚሠሩት በትንንሽ የዚንክ ባትሪ ሲሆን፣ ባትሪው ጀርባው ላይ ያለው ተለጣፊ ተነሥቶ አየር ካገኘው ጊዜ አንሥቶ መሣሪያው ቢሠራም ባይሠራም ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። የእናቴ የመስማት ችግር ከባድ በመሆኑ መሣሪያዎቹ የተስተካከሉት አዲስ አበባ ውስጥ በባለሙያ በተለካው የመስማት አቅሟ መጠን ነው። ስለዚህ እንደ ስልክ ወይም እንደ መነጽር በዚያው ሳምንት ሌላ ገዝቶ መተካት የሚቻል አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መስሚያዎች ቢኖሩም፣ የተዘጋጁት ቀላልና መካከለኛ የመስማት ችግር ላለባቸው አዋቂዎች ስለሆነ ለእሷ የሚጠቅሙ አይደሉም። የመጣችውም የልጄን ክርስትና ልታይ ነው። ልጄ 80 ቀን የሚሞላት እናቴ በገባች በ20ኛው ቀን ነበር።

በፍተሻው ቦታ የሆነው

በረራው በእኩለ ሌሊት ገደማ ከቦሌ ተነሥቶ ሲነጋጋ አውሮፓ ደረሰ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚገኙ ከአብዛኞቹ አገሮች የሚመጣ ተሳፋሪ በተነሣበት አገር ተፈትሾ ቢሳፈርም በመሸጋገሪያው ላይ ዳግም ይፈተሻል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በዊልቸር እንድትረዳ ትኬቷ ላይ አስመዝግቤ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት አየር መንገዶች እርዳታ የሚያስፈልገውን ተሳፋሪ የሚመዘግቡት በአጫጭር ኮዶች ነው፤ መራመድ ለሚቸግረው አንድ ኮድ አለ፣ መስማት ለተሳነውም ራሱን የቻለ ሌላ ኮድ አለ። በእናቴ ትኬት ላይ የሰፈረው የጉልበቷ ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1107/2006 መሠረት ይህን የመሰለ እርዳታ ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል፤ ደንቡም የሚሸፍነው የእግርን ብቻ ሳይሆን የስሜት ሕዋሳትን ጉዳት ጭምር ነው። እኔ ጊዜም ነበረኝ፤ መስሚያ እስካላት ድረስ ምን ያስቸግራታል ብዬ ግን የጆሮዋን ጉዳይ ተውኩት። ወንበሯን የሚገፋው ወጣት ጉልበቷን እንጂ ጆሮዋን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ፈታሹ ጫማዋንና ነጠላዋን እንድታወልቅ በእጁ ምልክት ሰጣት። እሷም ሰውነቷ ላይ ያለውን ሁሉ እንድታወልቅ የታዘዘች መሰላት። መስሚያን ማውለቅ አስፈላጊ አልነበረም፤ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤትም መስሚያ ያደረጉ መንገደኞች እንዲያወልቁ እንደማይገደዱ በግልጽ ያስታውቃል። እናቴ ይህን የነገራት አልነበረምና ሁለቱንም አወለቀች፤ የቁም ሣጥኗ ቁልፍ ካለበት መሐረብ ጋር አንድ ላይ ቋጠረች፤ ቋጠሮውን ግራጫው የፕላስቲክ ትሪ ውስጥ ከጫማዋ ጎን አኖረች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምንም አትሰማም።

የእጅ ቦርሳዋ በማሽኑ ካለፈ በኋላ ለብቻው ተለይቶ ወጣ። በውስጡ በፌስታል የታሰረ አንድ ኪሎ የሚሆን በሶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት ነክ ነገር በእጅ ቦርሳ የያዘ መንገደኛ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ይዘው በአውሮፓ በኩል የሚሻገሩ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ፈታሿ ፌስታሉን ፈታች፣ በናሙና መውሰጃ ጨርቅ ጠረገች፣ እናቴን ደግሞ ጥያቄ ጠየቀቻት። እናቴ የምታየው የሴትዮዋን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። በሶው ሊደፋ ነው ብላ ፈርታ ዓይኗን ከፌስታሉ ላይ ሳታነሣ ቆየች። በመጨረሻ በሶው ተመለሰላት፤ ወንበሯን የሚገፋው ወጣትም ጫማዋንና ነጠላዋን ከትሪው አንሥቶ ሰጣት። ትንሿ ነጭ ቋጠሮ በትሪው ጥግ ላይ ቀረች። ለእሱ የተጨማደደ ጨርቅ ናት።

እናቴ ጥፋቱን ያወቀችው የመሳፈሪያው በር ላይ ስትደርስ ነው። ረዳቷ ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ጆሮዋን እየነካች ለአንዲት ሠራተኛ ለማስረዳት ሞከረች፤ ሠራተኛዋ በበረራው ጆሮዋን ያመማት መስሏት ውኃ አመጣችላት። ጥሪው ተጀመረ፤ እናቴም ተሳፈረች።

ዱለስ ስትደርስ ወንበሯን ይገፋ የነበረው ኢትዮጵያዊ ነበር፤ በዚያ አውሮፕላን ማረፊያ የአገራችን ልጆች በብዛት ይሠራሉ። እኔን ሲያገኘኝ ከሰላምታው አስቀድሞ፣ «ወንድሜ፣ እማማ የሚሰሙ አይመስለኝም፤ ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ ሳናግራቸው አፌን አፌን ነው የሚያዩት» አለኝ። መስሚያ እንዳላት ልነግረው ስል እሷ ራሷ «ጠፋ! መስሚያዬ ጠፋ!» አለች፤ የራሷን ድምፅ መጠን ስለማታውቅ በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ጮክ ብላ ነው የተናገረችው።

ለማን ማመልከት እንደነበረብን

ወዲያው የሄድኩት ወደ አየር መንገዱ የሻንጣ ጉዳይ ማስተናገጃ ነው። እዚያ የነበረችው ሠራተኛ ጉዳዩን በትዕግሥት ሰምታ ያስረዳችኝ ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ መንገደኛ የማያውቀው ነው። በዚያ መስኮት የሚሞላው ቅጽ የሚያገለግለው ለአየር መንገዱ ተመዝኖ ለተሰጠ ሻንጣ ነው። ሻንጣው ሳይደርስ ሲቀር ቅጹ ወርልድ ትሬሰር በሚባለው የጋራ የመፈለጊያ ሥርዓት ውስጥ ይገባና መንገደኛው አሥር ሆሄያትና አኃዞች ያሉት መለያ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሆሄያት ቅጹ የተሞላበትን ጣቢያ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ አየር መንገዱን፣ አምስቱ አኃዞች ደግሞ የጉዳዩን ተራ ቁጥር ያመለክታሉ። ሻንጣ የወረቀት ምልክት ተለጥፎበት፣ በስም ተመዝግቦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየተነበበ ስለሚሄድ ዱካ አለው። ከመንገደኛው ጋር የነበረ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ዱካ የለውም። የሚፈለገው መጨረሻ በተለየበት ቦታ ኃላፊ ዘንድ ነው፤ ወንበር ኪስ ውስጥ ወይም ከራስጌ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ የቀረ አየር መንገዱ ዘንድ፣ በመጠበቂያ አዳራሽ ወይም በመጸዳጃ ቤት የቀረ የአውሮፕላን ማረፊያው አስተዳደር ዘንድ፣ በፍተሻ ቦታ የቀረ ደግሞ ፍተሻውን በሚያካሂደው አካል ዘንድ ይፈለጋል። አሜሪካ ውስጥ ፍተሻውን የሚያካሂደው ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲሆን በየአውሮፕላን ማረፊያው የራሱ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል አለው፤ የተረሱ ዕቃዎችንም ቢያንስ ለ30 ቀናት ያቆያል። እናቴ በተሻገረችበት ቦታ ደግሞ ከፍተሻ የተሰበሰበው ሁሉ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ይላካል።

ይህ ሁሉ ተነግሮኝ ሳለ በዚያች ሌሊት የጻፍኩት ለአየር መንገዱ ነው። ትኬቱን የሸጠልን እሱ ስለሆነ የሚጠየቀውም እሱ መስሎ ታየኝ። በ4ኛው ቀን የመጣው መልስ አውሮፕላኑ ሲጸዳ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳልተገኘ የሚገልጽ ነበር፤ መልሱ ትክክል ነው፤ መስሚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቶ አያውቅምና።

በካሳ በኩልም ያለውን መመልከት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው እንደ እኔ ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ዓለም አቀፍ በረራን የሚገዛው ዋናው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አሜሪካም የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም አባል ናቸው። በስምምነቱ አንቀጽ 17 መሠረት በአየር መንገዱ እጅ ሳለ ለጠፋ የተመዘነ ሻንጣ አየር መንገዱ ኃላፊ ነው፤ ሻንጣው መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ካልደረሰ መንገደኛው እንደጠፋ ቆጥሮ መብቱን መጠየቅ ይችላል። ሳይመዘን በእጅ ለተያዘና ለግል መገልገያ ዕቃ ግን ኃላፊነቱ የሚመጣው ጉዳቱ በአየር መንገዱ ወይም በሠራተኞቹ ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ብቻ ነው። የካሳው ጣሪያ እናቴ በተጓዘችበት ጊዜ በዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ለአንድ መንገደኛ 1,288 ኤስ ዲ አር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ 1,519 ከፍ ብሏል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአውሮፓ ደንብም ለአካል ጉዳተኞች የሚያገለግሉ መሣሪያዎች በአውሮፕላን ማረፊያ በሠራተኞች እጅ ሳሉ ወይም በበረራ ላይ ቢጠፉ ካሳ እንዲከፈል ያዛል። የእናቴ ቋጠሮ ግን ለማንም በአደራ አልተሰጠችም። ስለዚህ ክርክር አላነሣንም፤ ለእኔም የሚያዋጣው መንገድ ዕቃውን መፈለግ እንጂ ገንዘቡን መጠየቅ እንዳልሆነ በዚያ ሳምንት ግልጽ ሆኖልኛል።

የቅጹና የዕቃው አለመገናኘት

ለአውሮፕላን ማረፊያው የጠፉ ዕቃዎች ክፍል የጻፍኩት በ2ኛው ቀን ነው። ቅጹ በኢንተርኔት የሚሞላ ሲሆን የዕቃውን ዓይነት፣ ቀለሙን፣ የጠፋበትን ቦታና ሰዓት ይጠይቃል። «የሕክምና መሣሪያ» የሚለውን መረጥኩና «ሁለት ግራጫ የመስሚያ መሣሪያዎች፣ በጥቁር ጠንካራ ሣጥን ውስጥ» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ጥቁር ሣጥን አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አልጋዋ አጠገብ አይቼዋለሁ። ሰዓቱን ደግሞ 7 ብዬ ሞላሁ፤ እናቴ «አንድ ሰዓት ላይ ነው» ስላለችኝ በፈረንጅ አቆጣጠር ለውጬ ነው።

በ9ኛው ቀን ከመግለጫዬ ጋር የሚመሳሰል ዕቃ እንዳልተገኘ መልስ መጣ።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ቤታችን ውስጥ የነበረው ሁኔታ የዚህ ጉዳይ ዋና ክፍል ስለሆነ በዝርዝር ልናገረው እወዳለሁ። እናቴ መሐል ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፤ ሕፃኗን ታቅፋለች፤ ሰው ሲስቅ ፈገግ ትላለች፤ የሚወራው ግን አይገባትም። ልናናግራት ስንፈልግ ጆሮዋ ሥር ገብተን እንጮኻለን። ጩኸት ረጅም ጥያቄ አይችልም፤ ስለዚህ የምንጠይቃት ሁሉ «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልበት ሆነ። እኔም በመጀመሪያው ቀን የጠየቅኋት «ጥቁሩ ሣጥን ነው አይደል? ጥቁሩ?» ብዬ ነው። ራሷን ነቀነቀችልኝ። ያንን ነቅነቅታ እንደ ምስክርነት ወስጄ ለዘጠኝ ቀን ያህል በሱ ላይ ተመሥርቼ ስጽፍና ስደውል ቆየሁ።

በ11ኛው ቀን አዲስ መስሚያ ለማሠራት ክሊኒክ ልንወስዳት ተነሣን። ለባለሙያው የሚያስፈልጉ ጥያቄዎች ስለነበሩ የልጅ ደብተር አምጥቼ በወፍራም ማርከር በትልልቁ መጻፍ ጀመርኩ፤ እናቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናት፣ ንባብ አይቸግራትም። ስለ ጆሮዋ የሚጠየቀውን ከጨረስኩ በኋላ፣ ምን እንዳሰብኩ ሳላውቅ፣ «እማዬ፣ መስሚያሽን ስታወልቂ ምን ውስጥ አደረግሽው?» ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ከዓይኗ አርቃ አነበበችና «በመሐረቤ ቋጠርኩታ! ከቁልፌ ጋር» አለች። «ሣጥኑስ?» ብዬ ጻፍኩ። «ሣጥኑማ ቤት ነው ያለው፣ ኮመዲኖው ውስጥ።» ለምን እንዳልነገረችን ስጠይቃት የመለሰችልኝን እስካሁን አልረሳውም፦ «መች ጠየቃችሁኝ? ስትጮሁብኝ ጊዜ እሺ አልኳችሁ።»

በዚያው ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ነገር በጽሑፍ ጠየቅኋት። መሐረቡ ነጭ ነው፤ ጠርዙን በአረንጓዴ ክር የጠለፈችው ራሷ ናት። ከመስሚያዎቹ ሌላ አንድ የቁም ሣጥን ቁልፍ አለበት። ትሪው ግራጫ ነው፤ ቦርሳዋ የተፈታው በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰዓቱን በምን እንዳወቀች ስጠይቃት የእጅ ሰዓቷን አሳየችኝ፤ ሰዓቷ ግን የአዲስ አበባ ነው። በሐምሌ ወር ያ አገር ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ በእሷ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲል በዚያ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር።

ሁለተኛውን ቅጽ በዚያች ሌሊት ሞላሁ። ዓይነቱን «ጨርቃ ጨርቅ» ብዬ፣ መግለጫውንም «ነጭ የጨርቅ መሐረብ፣ ጠርዙ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ፣ በቋጠሮ የታሰረ፣ ውስጡ አንድ ቁልፍና ሁለት ትንንሽ ግራጫ ነገሮች ያሉበት» ብዬ ጻፍኩ። መስሚያ የሚለውን ቃል ያስገባሁት በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። በ13ኛው ቀን መልሱ መጣ። በመዝገቡ ላይ ያለው፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ «ነጭ ጨርቅ፣ አረንጓዴ ጠርዝ፣ ቁልፍና ትንንሽ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ያሉበት» የሚል ነበር። የተመዘገበበት ጊዜ በዚያ አገር ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 6 ሰዓት ከ50 ነው። በመጀመሪያው ቅጼ ዕቃው የጠፋው በ7 ሰዓት ነው ብዬ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ደግሞ በ6 ሰዓት ከ50 ተገኝቷል። በእኔ ወረቀት መሠረት ዕቃው ከመጥፋቱ አሥር ደቂቃ በፊት ተገኝቶ ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ወረቀቶች የሚያመሳክር ሰው በዓይነትም፣ በመግለጫም፣ በሰዓትም የማይገጣጠሙ ሆነው ቢያገኛቸው የሚወቀስ አይደለም።

እዚህ ላይ ያለው ነገር የዚህ ጥናት ምክንያት ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። የጠፋበት ሰው ቅጽ ሲሞላ የሚጽፈው የሚያውቀውን ነው፤ የዕቃውን ስም፣ ጥቅም፣ ዋጋ። ዕቃውን ያገኘ ሰው የሚመዘግበው ግን ያየውን ነው፤ ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ ከላይ የተጠቀለለበትን። ለእኔ የጠፋው የእናቴ ጆሮ ነበር። ያ የፍተሻ ሠራተኛ ግን በትሪ ጥግ ላይ ያገኘው የታሰረ ጨርቅ ነው፤ ፈትቶም ሲያይ መስሚያ ለብሶ የማያውቅ ሰው የፕላስቲክ ቁራጭ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ሁለቱ የሚገናኙት ባለቤቱ የራሱን እውቀት ትቶ በአግኚው ዓይን ሲጽፍ ነው፤ ለዚያም ዕቃውን በመጨረሻ በእጁ የያዘው ሰው፣ የቱንም ያህል ለማነጋገር ቢያስቸግር፣ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በእኛ ቤት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስለ እናቴ ያልተነጋገረ ሰው አልነበረም፤ እናቴን ግን አልጠየቅናትም። ሽማግሌዎቻችንን በአውሮፕላን የምናመላልስ ልጆች ሁሉ ይህ ሊያሳስበን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ትኬታቸውን እንቆርጣለን፣ ቅጻቸውን እንሞላለን፣ ስለ እነሱ እንናገራለን፤ ቋንቋውን የምናውቀው እኛ ስለሆንን ነገሩንም የምናውቀው እኛ ይመስለናል።

ዕቃውን መረከብ

ክፍሉ ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት ባለቤትነታችንን የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቀ። አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ኮመዲኖውን ከፍታ ጥቁሩን ሣጥን አወጣች፤ የዋስትና ካርዱ ተጣጥፎ ውስጡ ነበር። በካርዱ ላይ የሁለቱም መሣሪያዎች ሴሪያል ቁጥር ስለተጻፈ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። የክፍሉ ሠራተኛም ቁጥሩን በመሣሪያዎቹ ላይ ካለው ጋር አመሳክሮ የእናቴ መሆናቸውን አረጋገጠ። ያ ካርድ ባይኖር ኖሮ የመሐረቡ ጠርዝና ቁልፉ ይበቁ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

በዚያው አገር በሌላ ከተማ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በ17ኛው ቀን በባቡር ሄዶ ተረከበ። እናቴ የፈረመችበት የውክልና ደብዳቤ፣ የፓስፖርቷ ቅጂና የእሱ መታወቂያ ተጠይቋል። ቋጠሮዋ በክፍሉ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ተደርጋ፣ ቁጥር ተጽፎባት ነበር። የአጎቴ ልጅ በስልክ እያሳየኝ ሲፈታት ቀዩና ሰማያዊው ምልክት ታየኝ። የባትሪዎቹ ክዳን ክፍት አልነበረም፤ ኃይላቸው ግን አልቆ ነበር።

ከዚህ በኋላ የወሰንኩት ውሳኔ ስሕተት ነበር። በፈጣን መልእክት ቢላክ በጥቂት ቀናት ሊደርስ ይችል ነበር። እኔ ግን እንደገና ይጠፋል፣ ጉምሩክም ያቆየዋል ብዬ ስለሰጋሁ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሜሪላንድ በሚመጣ የታወቀ ሰው እጅ እንዲላክ መረጥኩ። በመካከሉ 20ኛው ቀን ደረሰ። ልጄ ክርስትና ስትነሣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ቆማለች፤ ካህናቱ የሚያደርሱትን በዓይኗ ትከተላለች፤ የክርስትና ስሟ ሲነገር ዞራ እኔን አየችኝ። ደብተሩ መኪና ውስጥ ስለቀረ መዳፌ ላይ በጣቴ ጻፍኩላት። ያ ቀን የሚመለስ አልሆነም።

መስሚያዎቹ በ26ኛው ቀን ደረሱ። አዲስ ባትሪ ከፋርማሲ ገዝተን፣ ተለጣፊውን ነቅለን፣ አየር እስኪገባው ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን አስገባን። እናቴ መጀመሪያ ቀዩን በቀኝ ጆሮዋ አደረገች፤ ከዚያም «ሕፃኗ ትንፋሿ ያፏጫል፤ አፍንጫዋ ተዘግቷል እኮ፤ እስካሁን አልሰማችሁም?» አለችን።

በመስከረም መጨረሻ ስትመለስ በትኬቷ ላይ የጆሮዋም የጉልበቷም ኮድ እንዲገባ ከሳምንት በፊት ደውዬ አረጋገጥኩ። የሴሪያል ቁጥሮቹን ፎቶ በእኅቴም በእኔም ስልክ አስቀመጥን። ጥቁሩ ሣጥን ላይ ስሟና የስልክ ቁጥራችን ተጽፎ ተለጠፈበት፤ መሐረቡ ውስጥም ትንሽ ወረቀት ተደረገ፤ መቋጠሯን እንደማትተው አውቀናልና። በአንገቷ ላይ በተንጠለጠለው ካርድ አንድ ወገን በእንግሊዝኛ «አልሰማም፤ እባክዎ በጽሑፍ ያናግሩኝ፤ መስሚያዬን አላወልቅም» ተብሎ ተጽፏል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ለራሷ ማስታወሻ እንዲሆናት በአማርኛ በትልልቁ «ጫማ፣ ነጠላ፣ ቦርሳ፣ መሐረብ» ብዬ ጻፍኩላት። በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ነው የተመለሰችው። አዲስ አበባ ገብታ ስትደውል፣ ፈታሿ ካርዱን አንብባ በእጇ «እለፊ» እንዳለቻት፣ እሷ ግን ትሪው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ሳታይ ከዚያ እንዳልተነሣች ነገረችኝ።